አፉን ያልፈታ ልጅ ምን ይላል?

በ1971 አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ የሕክምና ጽሑፍ ላይ በጥቂት መስመሮች ብቻ የተጠቀሰ ሰው አለ። ዕድሜው በሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። በአንድ መጦሪያ ቤት ለሚኖሩ አሮጊቶች ምግባቸውን በትሪ ይዞ ወደየክፍላቸው ያደርሳል። እንጨት ይቆርጣል፤ በሞተር የሚሠራ የሣር ማጨጃ ይገፋል፤ የምግብ ጠረጴዛ አሟልቶ ያሰናዳል። ከቤት ወጥቶ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ሳይጠፋም ይመለሳል። ግን አይናገርም። ሕፃን ሳለ አልተናገረም፤ አድጎም አልተናገረም።

ጽሑፉ ኸርበርት ብሎ ይጠራዋል። ኸርበርት ዛሬ በምናውቀው የሕክምና ትርጉሙ «ኦቲዝም» የሚለው ስም ከተሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ 11 ልጆች አንዱ ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛ ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል። አባባሉ ራሱ ንግግር ከውስጥ ታስሮ የተቀመጠ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚለቀቅ ነገር ያስመስለዋል። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ያላት እናት መጀመሪያ የምትሰማው ማጽናኛ ነው፤ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» ትባላለች። አራት ዓመት ሲሞላው ምክሩ ይበዛል፤ ከዚያ ሹክሹክታው ይከተላል። አምስት ዓመት ሲያልፈው ጎረቤት መጠየቅ ይተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በቤቱ ውስጥ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መቼ ነው የሚናገረው?»

ያለፉት 80 ዓመታት የኦቲዝም ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎችና ወላጆች ልጁን ለማናገር ያልሞከሩት የለም። ከሙከራዎቹ አንዳንዶቹ ጠቅመዋል፤ አንዳንዶቹ ልጁን ጎድተዋል፤ አንዳንዶቹም በልጁ ስም ሌላ ሰው እንዲናገር አድርገዋል። ብዙ ቤተሰብ የረዳው ግን ጥያቄው ሲቀየር ነው። «መቼ ይናገራል?» መባሉ ቀርቶ «አሁን ምን ሊለን እየሞከረ ነው? የሚለውንስ በምን ይበለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ማለት ነው።

አሥራ አንዱ ልጆች

ሊዮ ካነር በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሚሠራ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ነበር። በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ 11 ልጆችን አንድ በአንድ ገለጸ። ስምንቱ መናገር ችለዋል፤ ሦስቱ ግን አይናገሩም። ሦስቱ ሪቻርድ፣ ኸርበርትና ቨርጂኒያ ነበሩ። ከ11ዱ መካከል ካነር ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት «ጆሮአቸው አይሰማም» ወይም «አእምሮአቸው ደካማ ነው» የተባሉ ነበሩ።

ካነር ያስተዋለው አንድ ነገር ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተዘንግቷል። የሚናገሩት ስምንቱ ልጆች ብዙ ቃል ያውቃሉ፤ ዝርዝር ይሸመድዳሉ፤ የሰሙትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይደግማሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ንግግር ከሰው ጋር አይነጋገሩበትም። መግባባትን በተመለከተ በሚናገሩትና በማይናገሩት ልጆች መካከል መሠረታዊ ልዩነት እንደሌለ ካነር ጻፈ። ቃል ማውጣትና ሐሳብን ለሰው ማድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገና ከመጀመሪያው ቀን ታይቶ ነበር።

«አይናገሩም» የተባሉትም ቢሆን ፍጹም ዝም ያሉ አልነበሩም። ሪቻርድን የምታሳድገው ሴት አንድ ጊዜ «ደህና እደር» ሲል ሰማሁት አለች። ያመናት አልነበረም፤ በኋላ ግን ልጁ በምርመራ ክፍል ውስጥ ቃል እንዲደግም ሲጠየቅ ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ ብቻ ሲደግም ታየ። ቨርጂኒያም አብረዋት በማቆያው የሚኖሩት ልጆች እንደመሰከሩት «ቸኮሌት» እና «እማማ» ትል ነበር። ይህን የሰሙት ሐኪሞቹ ሳይሆኑ አብረዋት የሚውሉት ልጆች ነበሩ።

እርሻና ማቆያ

ካነር ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ እነዚያ 11 ልጆች የት እንደደረሱ አፈላልጎ ጻፈ። የኸርበርት ታሪክ የተገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

ኸርበርት በልጅነቱ ገበሬ ከሆኑ ባልና ሚስት ጋር እንዲኖር ተደረገ። ገበሬውን እየተከተለ ይውላል፤ በጎተራው ውስጥ ዕቃ ሲሠራ ያግዘዋል። «ተናገር» እያለ የሚያስጨንቀው አልነበረም፤ ሥራ የሚያሳየው ግን ነበር። ገበሬው ሲሞት ሚስቱ ቤቱን የአሮጊቶች መጦሪያ አደረገችው። ኸርበርትም አብሯት ቆየ፤ ትሪ ማመላለሱንም ሥራው አደረገ።

ከ11ዱ የመጀመሪያ ሆኖ የተመዘገበው ዶናልድም በእርሻ ቤት አልፏል። እሱ ይናገራል፤ ነገር ግን መቁጠርና መለካት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በዘጠኝ ዓመቱ የተቀበሉት ገበሬዎች ይህን ጠባዩን ሊያስተዉት አልታገሉም። መለካት ከወደደ ጉድጓድ ቆፍሮ ጥልቀቱን ለክቶ እንዲነግራቸው አደረጉት። የበቆሎ መስመር ደጋግሞ ሲቆጥር እያረሰ እንዲቆጥር ፈቀዱለት። ካነር በ1945 ሊጠይቀው ሲሄድ ልጁ ፈረስ ጠምዶ ስድስት ረጃጅም ትልሞች ሲያርስ አየ። ዶናልድ በኋላ ከኮሌጅ ተመረቀ፤ በትውልድ ከተማው ባንክ ሠራ፤ ጎልፍ ተጫወተ፤ በ2023 አረፈ።

ቨርጂኒያ ደግሞ ገና ሕፃን ሳለች በ1936 ማቆያ ገባች። በ1970 አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል አሁንም በመንግሥት ማቆያ ሆስፒታል ውስጥ ነበረች። የሆስፒታሉ ዘገባ ትሰማለች፣ የታዘዘችውን ትፈጽማለች፣ ቀለም ትለያለች፣ ሰዓት ታነባለች፣ ልብስ ትተኩሳለች ይላል። በድምፅና በምልክት ፍላጎቷን ትገልጻለች፤ የተቆራረጠ ሥዕል መገጣጠም ትወዳለች፤ ብቻዋን መሆን ትመርጣለች።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማንበብ ልብ ይነካል። ኸርበርትም ቨርጂኒያም አይናገሩም። ሁለቱም በእጃቸው ብዙ ይሠራሉ። የኸርበርት ችሎታ ግን የሚጠብቀው ሰው ነበረው፤ ትሪው ካልደረሰ አሮጊቶቹ ቁርሳቸው ይዘገያል። ቨርጂኒያ ሰዓት ማንበብ ብትችልም በሰዓቱ የምትደርስበት ቦታ አልነበራትም።

በእርግጥ ከሦስት ሰዎች ሕይወት ሕግ ማውጣት አይቻልም። ዶናልድ ባለጸጋ ቤተሰብ ነበረው፤ ይናገርም ነበር። ቢሆንም ካነር ራሱ የ11ዱን ዕጣ ካየ በኋላ ልጅን ወደ መንግሥት ማቆያ ማስገባት የዕድሜ ልክ እስራት ከመፍረድ እንደማይለይ ጽፏል።

ተከሳሿ እናት

ይህ ትምህርት በጊዜው አልተወሰደም። በመሐል ሌላ ነገር ገባ፤ እናት ተከሰሰች።

ክሱን ካስጀመሩት አንዱ ራሱ ካነር መሆኑ ያሳዝናል። በ1943 ሁኔታው አብሮ የሚወለድ ነው ብሎ የጻፈው ሰው፣ በ1949 ልጆቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተቀመጡ አድርጎ ገለጻቸው፤ ቅዝቃዜው የወላጆቻቸው ነበር። «የፍሪጅ እናት» የሚለው ስድብ የመጣው ከዚህ ነው። በቺካጎ ለችግረኛ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ይመራ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ክሱን አጠነከረው። ቤተልሃይም ራሱ በናዚ ማጎሪያ ካምፕ ታስሮ የነበረ ሰው ነው። የልጆቹን ዝምታ ከካምፑ እስረኞች ተስፋ መቁረጥ ጋር አመሳሰለው። እንዲህ ከሆነ የካምፑ ጠባቂ ማን ሊሆን ነው? አንባቢ የሚደርስበት መልስ ግልጽ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ማስረጃ አልነበረም። ውጤቱ ግን በብዙ ቤት ገባ። መድኃኒቱ ልጅን ከወላጅ መለየት ሆነ፤ ልጁን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ ማለትም የትኛው ጩኸት ረሃብ፣ የትኛው ሕመም እንደሆነ የሚለየው ሰው፣ ከክፍሉ እንዲወጣ ተደረገ።

ክሱን መጀመሪያ በጽኑ የመታው አባት ነበር። በርናርድ ሪምላንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆን ወንድ ልጁ ኦቲዝም ነበረበት። በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝም የአእምሮ አፈጣጠር ጉዳይ እንጂ የእናት ፍቅር ማነስ እንዳልሆነ ተከራከረ። በዓመቱም ወላጆች አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ።

ይህን የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በእኛ አገር «የፍሪጅ እናት» የሚል ስም አልተሰማም፤ ክሱ ግን በሌላ ስም አለ። እርግማን ነው ይባላል፤ የእናት ወይም የአባት ኃጢአት ነው ይባላል፤ መንፈስ ነው ይባላል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የመጡ 102 ተንከባካቢዎችን ጠይቆ ነበር፤ የልጆቹ ችግር የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ነው። 45 በመቶ የሚሆኑት እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንዱ የሚሆኑት የልጁን ሁኔታ ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። የተደበቀ ልጅ ደግሞ ከቤተሰቡ ሌላ የሚያናግረው ሰው አያገኝም።

በኃይል የወጣ ቃል

በዚያው በ1960ዎቹ ኢቫር ሎቫስ የተባለ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ሌላ መንገድ ጀመረ። የእናት ፍቅር አነሰ አልበዛ ለእሱ ጉዳዩ አልነበረም። ንግግር ተከፋፍሎ የሚማሩት ችሎታ ነው አለ። ልጁ መጀመሪያ አስተማሪውን ይመልከት፤ ከዚያ ድምፅ ያውጣ፤ ከዚያ ድምፁን ያስመስል፤ ከዚያ ቃል ይበል። ለእያንዳንዱ እርምጃ ቁራሽ ምግብ ይሸለማል።

ሐሳቡ ውስጥ እውነት ነበር። ትልቅ ችሎታ ወደ ትንንሽ እርምጃ ሲከፋፈል፣ አይማርም የተባለ ልጅ ይማራል። ዛሬም ልብስ መልበስና እጅ መታጠብ የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ብዙ ወስዷል። ነገር ግን ከሽልማቱ ጎን ቅጣት ነበር፤ ጩኸት፣ ጥፊ፣ አንዳንድ ጊዜም የኤሌክትሪክ ንዝረት። በ1965 ላይፍ መጽሔት ሕፃን ልጅ ሲመታ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን አሳትሞ ሥራውን ለአገር አስተዋወቀው። ያኔ ብዙ አንባቢ ያየው ተስፋ ነበር። ዛሬ የሚያይ ሰው ቀድሞ የሚያየው የልጁን ፊት ነው።

ሎቫስ በ1987 በሳምንት 40 ሰዓት ገደማ ከሠለጠኑ 19 ሕፃናት 9ኙ ከመደበኛ ተማሪ እኩል መድረሳቸውን ዘገበ። ልጆቹ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ብዙም የማይወራለት ግን በ1973 እሱና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ክትትል ነው። ከሥልጠናው በኋላ ወደ ማቆያ የተመለሱት ልጆች የተማሩትን አጡት። ዘዴውን ከተማሩ ወላጆቻቸው ጋር የኖሩት ግን ያዙት፤ አሻሻሉትም። የእናት ፍቅር ጉዳዩ ያልነበረው ተመራማሪም በመጨረሻ የደረሰው ወላጅ ጋ ነው።

ልጁ የሚይዘው ሥዕል

ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ኤሪክ ሾፕለር ቤተልሃይምን በቅርብ ያውቀው ነበር፤ አልተቀበለውም። በ1966 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከሮበርት ራይክለር ጋር ሆኖ ወላጆችን ከተከሳሽ ወንበር አንሥቶ ከባለሙያው ጎን አስቀመጣቸው። በ1972 የግዛቱ ምክር ቤት ፕሮግራሙን በሕግ አቋቋመው፤ ቲች ተብሎ ይታወቃል።

የቲች ብልሃት ቀላል ነው። ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ይይዛሉ። ቃል ከአፍ ወጥቶ ይጠፋል፤ ሥዕል ግን እዚያው ይቆያል። ስለዚህ የቀኑ ሥራ በተራ በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቁርስ፣ ጫማ፣ ትምህርት ቤት፣ ምሳ። አንዱ ሲያልቅ ይነሣል። ልጁ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ካወቀ፣ ጩኸት ተብሎ ይቆጠር የነበረው ነገር ግማሹ ፍርሃት እንደነበር ይታያል።

በ1985 በዴላዌር ግዛት አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት አንድ እርምጃ ጨመሩ። ሥዕል ማየት ብቻ ሳይሆን ሥዕል መስጠት። ልጁ የሚወደው ነገር፣ ለምሳሌ ሙዝ፣ ከፊቱ ይቀመጣል። እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ያለ ረዳት የሙዝ ሥዕል እንዲያነሣና ከፊቱ ላለው ሰው እንዲሰጥ እጁን ይመራዋል። ሰውየው ሥዕሉን ተቀብሎ «ሙዝ!» ይልና ሙዙን ወዲያው ይሰጠዋል። ማንም «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጀማሪው ልጁ እንዲሆን ነው። የረዳቱ እጅ በየጊዜው እየቀለለ ይሄድና በመጨረሻ ይቀራል።

ብዙ የማይናገር ልጅ እስከዚያ ድረስ የነበሩት አማራጮች ጥቂት ነበሩ፤ ማልቀስ፣ ራሱን መምታት ወይም የእናቱን እጅ ጎትቶ ወደ መደርደሪያው መውሰድ። ሥዕሉ ግን እናቱ በሌለችበትም ይሠራል። አክስትም፣ መምህርም፣ የሱቁ ልጅም ያነበዋል።

ወላጆች ፈሩ። «ሥዕል ከለመደ መናገር ይሰንፋል» አሉ። ፍርሃቱ የእናት ፍርሃት ነው፤ መልስም ያስፈልገዋል። በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ የእድገት ችግር ያለባቸውን ሰዎች መረጃ መርምሮ፣ በጥንቃቄ ከተጠኑት 27 ሰዎች በሥዕል ወይም በምልክት ምክንያት ንግግሩ የቀነሰ አንድም አላገኘም። 89 በመቶው ላይ ንግግር ጨምሯል፤ ጭማሪው በአብዛኛው መጠነኛ ቢሆንም። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአራት ዓመታቸው ንግግራቸው በጣም ዘግይቶ የነበረ 535 ልጆችን ተመለከተ። 70 በመቶው ከዚያ በኋላ ቃላት ማቀናጀት ችለዋል። ሥዕሉ ንግግር አልከለከለም፤ ንግግር ለሚመጣለት ልጅ እስኪመጣ ቋንቋ ሆነው። ለማይመጣለት ደግሞ ቋንቋው እሱ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ጥቂት ቃል ብቻ ይዘው ወይም ያለ ቃል ያድጋሉ።

የሌላ ሰው እጅ

ተስፋ መቁረጥ ልጁን ጎድቶታል። ተአምር ፍለጋም እንዲሁ።

በ1990 ዳግላስ ቢክለን የተባለ የሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አውስትራሊያ ውስጥ ያየውን ዘዴ አሜሪካ ውስጥ አስተዋወቀ። ረዳቱ የማይናገረውን ልጅ እጅ ወይም ክንድ ይደግፋል፤ ልጁ በአንድ ጣቱ በፊደል ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። አንድም ቃል ወጥቶት የማያውቅ ልጅ በድንገት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ግጥም የጻፉ ነበሩ። ለአሥር ዓመት «እማዬ» መባልን የጠበቀች እናት «እወድሻለሁ» የሚል ጽሑፍ አነበበች። እንዴት አትመን?

ጥያቄው የማን ጽሑፍ ነው የሚለው ነበር። በኒው ዮርክ ግዛት ኦ ዲ ሄክ በተባለ ማዕከል የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1993 ያሳተሙት ሙከራ ቀላል ነበር። ለ12 ሰዎች ሥዕል ያሳያሉ፤ ለረዳቱም ያሳያሉ። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ የሚያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ሳያውቁት የተለያየ። የተለያየ ሲሆን የሚጻፈው ረዳቱ ያየው ነበር። ረዳቱ ባላየ ጊዜ ትክክለኛ መልስ አንድም አልመጣም። ረዳቶቹ አታላዮች አልነበሩም፤ ጣቱን የሚመራው የራሳቸው እጅ መሆኑን አያውቁም ነበር። ሲያውቁ ከባድ ሐዘን የደረሰባቸው ነበሩ።

ጉዳቱም ሐዘን ብቻ አልነበረም። በዚህ መንገድ በተጻፈ ክስ በደል ፈጽመዋል ተብለው ፍርድ ቤት የቆሙ፣ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ወላጆች ነበሩ። የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር በ1990ዎቹ አጋማሽ አስጠነቀቀ፤ በ2018 ደግሞ ዘዴው ጭራሽ ሥራ ላይ እንዳይውል አሳሰበ። እስከ ዛሬ ስሙን እየቀየረ ይመለሳል።

ከዚህ ታሪክ አንድ መፈተኛ ይገኛል። የማንኛውም ዘዴ ረዳት እጁን ሲያነሣ ልጁ ብቻውን ይቀጥላል ወይ? ከእናቱ ሌላ ሰው ሲመጣስ ይሠራል ወይ? የሙዙ ሥዕል ፈተናውን ያልፋል። ልጁ ሥዕሉን ብቻውን አንሥቶ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል፤ ሙዙንም ይበላል። ከግጥም ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የእሱ ነው።

አዲስ አበባ

ኢትዮጵያ ውስጥም በሩን ያንኳኳችው እናት ነበረች። ዘሚ የኑስ በወጣትነቷ ከአገር ወጥታ በጣሊያንና በአሜሪካ ኖራ የተመለሰች የውበት ባለሙያ ነች፤ አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍታለች። ልጇ ጆጆ ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚይዘው ትምህርት ቤትም አልተገኘም። በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁማ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። «ኦቲዝም» የሚለው ቃል ለአብዛኛው ሰው እንግዳ በሆነበት ጊዜ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እየቀረበች የልጇን ነገር በአደባባይ ተናገረች። ልጅ በሚደበቅበት ከተማ ይህ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር።

ዘሚ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ብላ የሰየመችው የማስተማሪያ ዘዴ መነሻው የአገር ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ለዚህ የሚመች ጠባይ አለው። «በ» ብሎ ከጀመረ «ቡ፣ ቢ፣ ባ» እያለ አንዱን ድምፅ በሰባት መልክ ያፈራርቃል፤ እያንዳንዱ ፊደል ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ ሙሉ ድምፅ ነው። ለንግግር ትምህርት ከውጭ የመጣ መሣሪያ መጠበቅ እንደማያስፈልግ አሳይታለች። በ2021 ስታርፍ ማዕከሉ ቀጥሎ ነበር። በወላጅ የተመሠረተው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ።

ማዕከላቱ ግን አዲስ አበባ ናቸው፤ ተራውም ረጅም ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በጣት የሚቆጠር በሆነበት አገር፣ ከማዕከል ውጭ የሚቀረው ልጅ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠና ለዚህ የታሰበ ነው። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ለሆኑ ልጆች ወላጆች የሚሰጥ ሲሆን፣ ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። የሚሰጠውም ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሠልጣኞች ነው። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ ለአገሩ እንዲስማማ ተደርጎ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል። ሾፕለር በ1966 ከጀመረው ሐሳብ ጋር ይቀራረባል፤ ትምህርቱ ያለው በክሊኒክ ሳይሆን በቤት ውስጥ በሚደረገው የየዕለት ሥራ ነው።

በቤት ውስጥ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለአንዲት እናት ነገ ጠዋት የሚተርፋት ምንድን ነው?

አንደኛው፣ ንግግርን አለመጠበቅ ነው። የጆሮ ምርመራው ይደረግ፤ ሐኪም ይየው፤ ጸበል የሚወስድ ቤተሰብም ይውሰድ፤ የመግባባቱ ሥራ ግን በዚያው ቀን ይጀመር። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ ዘወትር የሚጠጣበት ኩባያ፣ የሚወደው ዳቦ፣ የሚፈልገው ኳስ በስልክ ተነሥቶ በካርቶን ላይ ከተለጠፈ ይበቃል። ሁሉን ነገር ከመጠየቁ በፊት የምታቀርብለት እናት ደግ ናት፤ ግን እንዲጠይቅ ምክንያት አልተወችለትም። ኩባያው በሚታይ ግን በማይደረስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ልጁ እስኪያመለክት ጥቂት ይጠበቅ፤ እንዳመለከተ ወዲያው ይሰጠው።

ሁለተኛው፣ የዕለት ሥራን መከፋፈል ነው። እጅ መታጠብ ለአዋቂ አንድ ሥራ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ስድስት ነው፤ እጅጌ መሰብሰብ፣ ቧንቧ መክፈት፣ ሳሙና ማንሣት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መጥረግ። ውሃ ከጆግ በሚቀዳበት ቤትም ቅደም ተከተሉ አለ። አንዳንዶች ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ እናት አምስቱን አግዛው መጥረጉን እሱ ይጨርሰዋል። ከዚያ ማለቅለቁንም ለእሱ ትተዋለች። በዚህ መንገድ ልጁ ሁልጊዜ የሚያቆመው ጨርሶ እንጂ ከሽፎ አይደለም። መጸዳጃ ቤት መጠቀምም፣ ጫማ ማድረግም በዚሁ ይሄዳል። በወር የማይጨረስ ሊሆን ይችላል፤ በዓመትም።

ሦስተኛው፣ ልጁ በቤቱ ውስጥ የሚጠበቅበት ሥራ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ቡና ሲፈላ ረከቦቱን የሚያቀርበው እሱ ይሁን። ማንኪያ የሚቆጥረው፣ በር የሚዘጋው፣ ለአያት ውሃ የሚያደርሰው እሱ ይሁን። መቁጠር የሚወድ ልጅ የሚቆጠር ነገር ይሰጠው፤ እነዚያ ገበሬዎች ዶናልድን ትልሙን እያረሰ እንዲቆጥር ያደረጉት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተምረው አልነበረም።

አራተኛው ለቤተሰብ ሳይሆን ለአገር ነው። ይህን ሁሉ ለአንዲት እናት ትቶ መሄድ ሌላ ዓይነት ክስ ነው። ትናንት «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» የተባለችው እናት ዛሬ «አንቺ ነሽ የምታድኚው» ከተባለችና ብቻዋን ከቀረች፣ ሸክሙ አልተነሣላትም። የቀበሌ ትምህርት ቤት በሩን ሲዘጋ፣ ጤና ጣቢያው «ይተወዋል» ብሎ ሲመልሳት፣ ጎረቤት ልጆቹን ሲከለክል፣ በቤት ውስጥ የተማረው ሥዕል ከቤት ውጭ የሚያነበው አይኖርም። ሥዕሉን የሚሰጥ ልጅ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል።

ኸርበርት ምን ያስብ እንደነበር የሚናገር መዝገብ የለም። አልጻፈም፤ ማንም እጁን ይዞ አላጻፈውም። የምናውቀው በጥቂት መስመሮች የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ትሪውን ይዞ ክፍል ለክፍል ይዞራል። በየክፍሉም የምትጠብቀው አንዲት አሮጊት ነበረች።